በፋሚሊማርት መገልገል፦ በጃፓንም ከጃፓን ውጭም

ለትምህርት፣ ለሥልጠና ወይም ለሩጫ ውድድር ወደ ጃፓን የሚሄድ ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያው ሳምንት ደጋግሞ የሚገባበት ቤት ጃፓኖች «ኮንቢኒ» የሚሉት ሱቅ ነው። በየመንገዱ ማዕዘን፣ በየባቡር ጣቢያው፣ በሆስፒታልና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሳይቀር ይገኛል፤ አብዛኛውም ሌሊቱን ሙሉ አይዘጋም። ነገር ግን ኮንቢኒን እንደ ሰፈር ሱቅ ብቻ ቆጥሮ ዳቦና ውሃ ገዝቶ የሚወጣ ሰው ከጥቅሙ ግማሹን እንኳ አላገኘም። ይኸው ሱቅ የመብራትና የውሃ ሂሳብ የሚከፈልበት፣ ሰነድ የሚታተምበት፣ ሻንጣ የሚላክበትና ጥሬ ገንዘብ የሚወጣበት ቤት ነው። ቋንቋውን ለማያውቅ እንግዳ ደግሞ አንድ ትልቅ ማረፊያ አለው፤ አሠራሩ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ብዙም ስለማይለያይ፣ በአንዱ ሰፈር የተማሩት በሌላው ከተማ ይሠራል።

ይህ መመሪያ የሚናገረው ከኮንቢኒዎቹ ስለ አንዱ ስለ ፋሚሊማርት ነው። ሰቨን ኢለቨንና ሎውሰን የተባሉት ዋና ዋና ተፎካካሪዎቹ ስማቸውን ያገኙት ከአሜሪካ ሲሆን፣ ፋሚሊማርት ግን ስሙ እንግሊዝኛ ቢሆንም ከጅምሩ የጃፓን ልጅ ነው። ወደ ብዙ የእስያ አገሮች ዘልቋል፤ ከአንዳንዶቹም ወጥቷል። ስለዚህ መንገደኛው ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ በጃፓን ሱቁን እንዴት እንደሚገለገልበት፣ እንዲሁም ድንበር ሲሻገር ከዚያ ልምዱ የትኛው አብሮት እንደሚሄድና የትኛው እንደሚቀር። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሁለተኛውን ነው። የሱቁ ምልክት በየትም አንድ ነው፤ ከምልክቱ በስተ ኋላ ያለው ባለቤት ግን በየአገሩ ይለያያል።

የሱቁ አመጣጥ

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሴዩ የተባለ የሱፐርማርኬት ድርጅት በ1973 ከቶኪዮ አጠገብ ባለው በሳይታማ ግዛት፣ ሳያማ በምትባል ከተማ አንድ የሙከራ ሱቅ ከፈተ። ሥራው በ1981 ራሱን ችሎ ፋሚሊማርት የሚባል ኩባንያ ሆነ። በ1998 ኢቶቹ የተባለው ታላቅ የንግድ ድርጅት ዋና ባለድርሻ ሆኖ ገባ፤ በ2020 ደግሞ የቀረውን አክሲዮን ለመጠቅለል ባቀረበው ግዢ ምክንያት ፋሚሊማርት ከአክሲዮን ገበያ ወጣ። በመካከሉ በ2016 ሰርክል ኬ ሳንክስ ይባሉ የነበሩት ሱቆች ከእርሱ ጋር ተዋህደው ምልክታቸውን ቀይረዋል። በአሁኑ ጊዜ በጃፓን ከ16,000 በላይ ሱቆች ያሉት ሲሆን፣ በብዛት የሚበልጠው ሰቨን ኢለቨን ብቻ ነው።

ለተገልጋዩ ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። አብዛኛው ሱቅ የሚካሄደው በፍራንቻይዝ ነው፤ ይህም ማለት ስሙን፣ ዕቃውንና አሠራሩን ኩባንያው ይሰጣል፣ ሱቁን ግን አንድ የአካባቢው ነጋዴ ያስተዳድራል ማለት ነው። ስለዚህ የሚቀመጡበት ወንበር፣ መጸዳጃ ቤትና የኤቲኤሙ ዓይነት ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። በአንዱ ያገኙትን በሌላው ቢያጡት አይገረሙ።

ከበሩ እስከ መክፈያው

አረንጓዴ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያለውን ምልክት ካዩ ደርሰዋል። በሩ ሲከፈት አንዲት አጭር ዜማ ትሰማለች፤ ጃፓን ውስጥ ያደገ ሰው ዜማዋን ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ የፋሚሊማርት መሆኗን ይለያል። ሠራተኞቹ «ኢራሻይማሴ» ብለው ይቀበሉዎታል። ሰው ሰላም ሲለው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር በሆነበት አገር ላደገ ሰው ይከብዳል፤ ለዚህ ቃል ግን መልስ አይጠበቅም፣ ጎንበስ ማለት ይበቃል።

በመደርደሪያው ላይ ሁለት ዋጋ ያያሉ። በትልቁ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ከግብር በፊት ያለው ሲሆን፣ በትንሹ የተጻፈው ግብር ተጨምሮበት የሚከፍሉት ነው። ከጥቅምት 2019 ወዲህ ይዘውት ለሚሄዱት ምግብ ግብሩ 8 በመቶ ነው፤ እዚያው ወንበር ይዘው ከበሉት ግን 10 በመቶ ይሆናል። ለአልኮል መጠጥና ምግብ ላልሆነ ዕቃም 10 በመቶ ነው። ስለዚህ እዚያው ተቀምጠው ለመብላት ካሰቡ ሲከፍሉ መናገር አለብዎ።

ዕቃ ሲያነሡ ከፊት ያለውን ያንሡ። እኛ አገር ትኩስ ይሆናል ብሎ ከኋላ መሳብ የተለመደ ነው፤ በጃፓን ግን ወዲያው ለሚበሉት ነገር የመጠቀሚያ ጊዜው የቀረበውን ከፊት መውሰድ እንደ መልካም ምግባር ይቆጠራል፣ በመደርደሪያው ላይም ይህንኑ የሚለምን ጽሑፍ ይለጠፋል። ምክንያቱም የሚጣል ምግብን ለመቀነስ ነው። ፋሚሊማርት ከ2025 ጀምሮ ዋጋቸው በተቀነሰ ኦኒጊሪ (የተጨመቀ ሩዝ) እና ቤንቶ (በሣጥን የታሸገ ምግብ) ላይ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሥዕል ያለበት ተለጣፊ ያደርጋል፤ ጽሑፉም «እባክዎ አድኑኝ» ይላል። ተማሪ ከሆኑ ይህን ተለጣፊ መፈለግ ይልመዱ። ምግቡ አልተበላሸም፣ ሰዓቱ ብቻ ቀርቧል። በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓት ጭምር ነው፤ አጻጻፉም ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጠር፣ በእኛ አቆጣጠር እንዳያነቡት ይጠንቀቁ። ለምሳሌ 3 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

መክፈያው ጋ ሲደርሱ ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ይጠይቅዎታል። ጥያቄዎቹ ብዙ ቢመስሉም ሁልጊዜ የሚመላለሱት ጥቂት ናቸው። «ፉኩሮ» የምትል ቃል ከሰሙ ፌስታል ይፈልጉ እንደሆነ ነው የተጠየቁት፤ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ፌስታል በገንዘብ ሆኗል። «አታታሜማስ ካ» ካሉዎ ምግቡን ላሙቅልዎ ማለት ነው። «ኦሃሺ» የመመገቢያ እንጨት ነው። «ፖይንቶ ካዶ» ደግሞ በገዙ ቁጥር ነጥብ የሚያጠራቅሙበት ካርድ አለዎ ወይ ማለት ነው። ለፈለጉት ነገር «ኦኔጋይ ሺማስ» ይበሉ፤ ላልፈለጉት «ዳይጆብ ዴስ» በማለት እጅዎን በትንሹ ያወዛውዙ። የመጀመሪያውን ሳምንት በእነዚህ ሁለት መልሶች ብቻ መክረም ይቻላል። ነገር ግን «ዳይጆብ» በቁሙ «ደኅና ነው» ማለት ስለሆነ፣ የፈለጉትን ነገር ሲጠየቁ «እሺ» ለማለት ብለው እንዳይናገሩት፤ በዚህ ቦታ ትርጉሙ «ይቅርብኝ» ነው።

ቢራ ወይም ሲጋራ የሚገዛ ሰው ፊት ለፊቱ ባለው ስክሪን ላይ ዕድሜው 20 መሙላቱን እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። በጃፓን ሕግ ለአካለ መጠን የመድረሻው ዕድሜ በ2022 ወደ 18 ዝቅ ቢልም፣ ለአልኮልና ለትምባሆ የተወሰነው 20 እንደሆነ ቀርቷል።

ገንዘብዎን በሠራተኛው እጅ ላይ ሳይሆን በትንሿ ትሪ ላይ ያስቀምጡ፤ መልሱም በዚያው ይመጣል ወይም ከማሽኑ ራስዎ ያነሣሉ። በጥሬ ገንዘብ፣ በባንክ ካርድ፣ በስልክ፣ እንዲሁም ሱይካና ፓስሞ በመሳሰሉት የባቡር ካርዶች መክፈል ይቻላል። የባቡር ካርድዎ ላይ ገንዘብ መሙላት ከፈለጉም ካርዱን አሳይተው «ቻጂ» ይበሉና በሺህ የን ቤት ይስጡ።

ኦኒጊሪን መክፈት፣ ጾምና ሐላል

የኮንቢኒ ዋና ምግብ ኦኒጊሪ ነው፤ በሦስት ማዕዘን የተጨመቀ ሩዝ ሲሆን፣ በውስጡ ማባያ ተቀብሮ በውጭ ኖሪ በሚባል የደረቀ የባሕር ተክል ይጠቀለላል። አስተሻሸጉ የብልሃት ሥራ ነው። ኖሪው ሩዙን ነክቶ እንዳይርስ በሁለት ስስ ፕላስቲኮች መካከል ተደርጓል፤ በማሸጊያው ላይም 1፣ 2 እና 3 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ጫፉን ወደ ላይ አድርገው ይያዙት። 1 ከሚለው ላይ የምትወጣውን ቀጭን ክር ይዘው ወደ ታች ይሳቡ፣ ሳያቋርጡም በሥሩ አዙረው በጀርባ በኩል እስከ ላይ ያድርሷት፤ ማሸጊያው ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ 2 የሚለውን ጠርዝ ወደ ጎን ቀስ ብለው ይሳቡ፣ 3 የሚለውንም በሌላው ጎን እንዲሁ ያድርጉ። ፕላስቲኩ ከኖሪው ሥር ተንሸራቶ ሲወጣ፣ ደረቁ ኖሪ በሩዙ ላይ ተለጥፎ ይቀርና ሲነክሱት ቀጭ ይላል። ቁጥሩን ሳይከተል መሃሉን የሚቀድ ሰው ኖሪው ግማሹ ከፕላስቲኩ ጋር ይቀርበታል።

ለጾመኛ አንባቢዬ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ በዐቢይ ጾም ወይም በነቢያት ጾም ጃፓን የደረሰ ሰው ምን እንደሚበላ ሲጨነቅ አይቻለሁና። ጎምዛዛ የተጨው ፍሬ ያለበት የኡሜ ኦኒጊሪና ከባሕር ተክል የሚዘጋጀው የኮንቡ ኦኒጊሪ ሥጋም ወተትም የሌለባቸው ስለሚመስሉ ብዙ ጊዜ ይመከራሉ። ነገር ግን በጃፓን ማጣፈጫ ውስጥ ዳሺ የሚባል መረቅ ይገባል፤ ዳሺ ደግሞ በአብዛኛው ካጹኦ ከሚባል የደረቀ ዓሣ ይዘጋጃል። በጾም ዓሣ የማይበላ ሰው ስለዚህ የዕቃውን ዝርዝር በስልኩ ካሜራ ተርጉሞ ማንበብ አለበት። ጨው ብቻ የተደረገበት ባዶ ኦኒጊሪ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ የአኩሪ አተር እሸት፣ በብርዱ ወራት የሚቀርበው የተጠበሰ ስኳር ድንችና ማጣፈጫ ያልተጨመረበት ሰላጣ ከሁሉም ይሻላሉ። ዳቦ ቤት ያለ የሚያስመስሉት ጣፋጭ ዳቦዎች ግን ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስላለባቸው ፍስክ ናቸው።

በማሸጊያው ጀርባ ያለው የአለርጂ ሠንጠረዥ ይረዳል፤ አሠራሩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። እንቁላልና ወተት በሕግ የግድ መጻፍ ካለባቸው ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ የታሸገ ምግብ ላይ ከሌሉ የሉም ብሎ መነሣት ይቻላል። የአሳማ ሥጋ፣ የከብት ሥጋ፣ ዶሮና ጄላቲን ግን እንዲጻፉ የሚመከር እንጂ የሚያስገድድ ደንብ የለባቸውም። ዓሣ ከሆነ ከጥቂት ዓይነቶች በስተቀር በሠንጠረዡ ውስጥ አይገባም። ሙስሊም ተጓዦችም ይህንን ልብ ይበሉ፦ አሳማ አለመጻፉ ምግቡን ሐላል አያደርገውም፤ በምግብ ማብሰያነት የሚገባው ሚሪን የተባለው ጣፋጭ አልኮልም በአለርጂ ሠንጠረዥ ውስጥ አይታይም። በመክፈያው አጠገብ በመስታወት ውስጥ የሚሞቀው ፋሚቺኪ፣ በ2006 የወጣውና የሱቁ መታወቂያ የሆነው አጥንት የሌለው የዶሮ ጥብስ፣ ሽታው ሰውን የሚጠራ ቢሆንም ለጾመኛም ሐላል ብቻ ለሚበላም አይሆንም።

ቡናውን በተመለከተ፣ ትኩስ ከፈለጉ መጠኑን ለሠራተኛው ነግረው ይክፈሉና የሚሰጥዎትን ባዶ ኩባያ በማሽኑ ሥር አስቀምጠው የተገዛውን መጠን ይጫኑ። ቀዝቃዛ ከሆነ በረዶ የተሞላውን ኩባያ ራስዎ ከማቀዝቀዣው አውጥተው ይዘው ወደ መክፈያው ይሂዱ፤ ክዳኑን ልጠው በማሽኑ ሥር የሚያስቀምጡት ከከፈሉ በኋላ ነው። «ሞካ» የሚል ስም ካነበቡ ቆም ይበሉ፤ ጃፓኖች በዚህ ስም የሚጠሩት የኢትዮጵያንና የየመንን ቡና ነው። ስሙ የቀይ ባሕር ወደብ ስም ቢሆንም፣ በጃፓን የሚጠጣው የሞካ ቡና ብዙው ከእኛ ማሳ የሄደ ነው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ሩቅ አገር በሚያነጋው በዚያ የመጀመሪያ ጧት ልቡ ትንሽ ይረጋል።

ሂሳብ መክፈል፣ ማተምና መላክ

በጃፓን ለመኖር የገባ ሰው ብዙም ሳይቆይ ባርኮድ ያለበት ወረቀት በፖስታ ይደርሰዋል። የጋዝ፣ የመብራት፣ የውሃ፣ የጤና መድኅን ወይም የጡረታ መዋጮ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ሳይቀድዱና ሳያጥፉ ይዘው ወደ መክፈያው ይሂዱ። ሠራተኛው ባርኮዱን በማሽን ያነባል፤ እርስዎ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን መጠን አይተው የማረጋገጫውን ቁልፍ ይነካሉ፤ ጥሬ ገንዘቡን በትሪው ላይ ያኖራሉ። ከዚያ ሠራተኛው በወረቀቱ ክፍሎች ላይ ቀንና የሱቁ ስም ያለበትን ክብ ማህተም ያሳርፍና በነጥብ መስመሩ ላይ ቀዶ አንዱን ቁራጭ ይመልስልዎታል። ያቺ ቁራጭ ማስረጃዎ ናትና አይጣሏት፤ ቪዛ ሲያድሱ የጤና መድኅን መክፈልዎን እንዲያሳዩ ቢጠየቁ የሚያቀርቡት እርሷን ነው። በኮንቢኒ በአንድ ወረቀት መክፈል የሚቻለው እስከ 300,000 የን ድረስ ነው።

በዚህ ወረቀት ላይ የመክፈያው ቀን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው። አሁን ያለው ዘመን «ሬይዋ» ይባላል፤ የጀመረውም በ2019 ስለሆነ፣ በሬይዋ ቁጥር ላይ 2018 ይደምሩ። ሬይዋ 7 ማለት 2025 ነው። በሁለት የዘመን አቆጣጠር መኖር ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ ከባድ አይሆንም፤ ነገር ግን ቀኑ ያለፈበትን ወረቀት ሱቁ ስለማይቀበል ስሌቱን ወረቀቱ በደረሰበት ቀን መሥራት ይገባል።

ትልቁ የፎቶኮፒ ማሽን ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ሀብት ነው። የቋንቋ ምርጫ አለው። ጥቁርና ነጭ ኮፒ ብዙ ጊዜ በገጽ 10 የን ነው፤ ከስልክዎ ላይ ያለውን ሰነድ በመተግበሪያ አማካይነት ልከው ማተም፣ ስካን ማድረግና የመታወቂያ መጠን ፎቶ ማውጣትም ይቻላል። ማይ ናምበር የሚባለው የግል መለያ ቁጥር ካርድ ያለው ሰው ደግሞ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አገልግሎቱን የሚሰጥ ከሆነ፣ ካርዱን በማሽኑ ላይ አኑሮና ባለ አራት አኃዙን የምስጢር ቁጥር አስገብቶ የነዋሪነት ማስረጃውን ከጧቱ 12፡30 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ማተም ይችላል። በሥራ ቀን ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ተራ መጠበቅ ለማይችል ሠራተኛ ወይም ተማሪ ይህ ግማሽ ቀን ያተርፋል። ካርዱን በማሽኑ ላይ ረስተው እንዳይሄዱ ብቻ ይጠንቀቁ።

ሻንጣ ለመላክ ፋሚሊማርት ከያማቶ የዕቃ ማመላለሻ ጋር ይሠራል፤ ምልክቱ ግልገሏን በአፏ የያዘች ጥቁር ድመት ናት። ከቶኪዮ ወደ ሌላ ከተማ በባቡር ሲሄዱ ትልቁን ሻንጣ በዚህ መንገድ ልኮ በእጅ ቦርሳ ብቻ መጓዝ የጃፓኖች ራሳቸው ልማድ ነው። ወደ አውሮፕላን ማረፊያም መላክ ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ከበረራው ጥቂት ቀናት ቀድመው ያስረክቡ፣ የበረራ ቁጥርዎንና የመነሻ ሰዓቱን በቅጹ ላይ ይሙሉ። ከኢንተርኔት የተገዛ ዕቃንም በሱቁ በኩል መረከብ ይቻላል፤ ቀን ቀን ቤት ለማይገኝ ሰው የሚመች ነው።

ከኤቲኤም ገንዘብ ለማውጣት ከአገርዎ ሳይነሡ ካርድዎ በውጭ አገር እንዲሠራ መከፈቱንና የቀን ጣሪያው ስንት እንደሆነ ባንክዎን ይጠይቁ። ማሽኑ «በየን ይሁን ወይስ በካርድዎ ገንዘብ» ብሎ ከጠየቀ የኑን ይምረጡ፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ውድ ምንዛሪ አለው። ነጻ ዋይፋይን በተመለከተ ግን የቆዩ የጉዞ ጽሑፎችን አይመኑ፤ ፋሚሊማርት አገልግሎቱን በ2022 አቁሟል።

ቆሻሻ መጣያው የተቀመጠው ከሱቁ ለተገዛው ዕቃ ነው፤ የቤት ቆሻሻ አምጥቶ መጣል ነውር ነው። መጸዳጃ ቤት ለመጠቀም ሠራተኛውን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ድንበር ሲሻገሩ

ፋሚሊማርት በውጭ አገር የሚሠራበት መንገድ ባጭሩ ይህ ነው፦ በዚያ አገር ላለ ድርጅት ስሙን የመጠቀም መብት ይሰጣል፣ ድርጅቱም በምላሹ ሮያሊቲ ይከፍላል። አንዳንድ ቦታ የጃፓኑ ኩባንያ ራሱ ባለድርሻ ይሆናል፣ አንዳንድ ቦታ አይሆንም። ስለዚህ በጃፓን ያወረዱት የስልክ መክፈያ፣ ያጠራቀሙት ነጥብና የባቡር ካርድዎ በውጭው ፋሚሊማርት ይሠራሉ ብለው አይጠብቁ። አብሮዎት የሚሄደው ምልክቱ፣ የኦኒጊሪው አከፋፈትና የሱቁ ሥርዓት ነው።

ከጃፓን ውጭ ከሁሉ የበረታው በታይዋን ያለው ነው። በ1988 ገብቶ አሁን ከ4,000 በላይ ሱቆች አሉት፤ ሰዉም «ቹዌንጅያ» ይለዋል፣ ትርጉሙ «መላው ቤተሰብ» ነው። በመግቢያው አካባቢ የሚሸተው በሻይና በቅመም የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ የተጠበሰ ስኳር ድንቹም እንደ ጃፓኑ ለጾመኛ ይጠቅማል። ኢዚካርድ የሚባለውን የባቡር ካርድ ተጠቅመው መክፈል ይችላሉ። በታይዋን ደረሰኝዎን ከመጣልዎ በፊት ያስቡበት፤ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ያለው ቁጥር የመንግሥት ዕጣ ነው። ዕጣው በየሁለት ወሩ የሚወጣ ሲሆን፣ ትንሹ ሽልማት 200፣ ትልቁ 10 ሚሊዮን የታይዋን ዶላር ነው። ነጋዴዎች ደረሰኝ እንዲቆርጡ፣ ገዢዎችም ደረሰኝ እንዲጠይቁ ለማድረግ የተዘረጋ ሥርዓት ነው፤ ለአገራችን የገቢ ባለሙያዎችም ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል።

በዋናው ቻይና ፋሚሊማርት ሥራ የጀመረው በ2004 በሻንጋይ ነው። ዕቃ ለማምጣት ጓንጁ የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችንም ያገኙታል። ዋናው ችግር አከፋፈሉ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚከፍለው በዊቻት ወይም በአሊፔይ ስለሆነ፣ ከመሄድዎ በፊት አንዱን አውርደው የባንክ ካርድዎን ያያይዙበት።

በማሌዥያ የገባው በ2016 ሲሆን፣ የሚያካሂደው ኪው ኤል የተባለው የአገሩ የምግብ ድርጅት ነው፤ ድርጅቱ በእንቁላልና ከተፈጨ ዓሣ በሚሠሩ ምግቦች የታወቀ ነው። በመክፈያው አጠገብ በትኩስ መረቅ ውስጥ የሚቀርበው ኦደን በዚያ አገር ቅመሙ ጠንከር ይላል። ወደ ኢንዶኔዥያ በ2012 ገብቷል። ሁለቱም ብዙ ሙስሊሞች የሚኖሩባቸው አገሮች በመሆናቸው በማሸጊያው ላይ የሐላል ምልክት ማግኘት ከጃፓን ይልቅ ቀላል ነው፤ ቢሆንም ከውጭ የገባ ዕቃም ስለሚሸጥ ምልክቱን በየዕቃው ላይ ይመልከቱ። በቬትናም በ2009 በሆ ቺ ሚን ከተማ ጀምሯል። በፊሊፒንስ በ2013 ገብቶ በ2018 ወደ ሌላ የአገሩ ድርጅት ተላልፏል።

ለሕክምና ወደ ባንኮክ የሚሄዱ ወገኖቻችን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የቆዩ የጉዞ መመሪያዎች በባንኮክ ፋሚሊማርትን ይጠቁማሉ። ሱቆቹ ግን ሴንትራል በተባለው የታይላንድ ድርጅት እጅ ከገቡ በኋላ በ2023 ስማቸው ቶፕስ ዴይሊ ሆኗል። በሆስፒታሉ አጠገብ የተባለውን አረንጓዴና ሰማያዊ ምልክት ፍለጋ በሽተኛ ይዘው አይንከራተቱ፤ ቤቱ እዚያው ሊሆን ይችላል፣ ስሙ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካም እንዲሁ ነው፤ በ2005 በሎስ አንጀለስ አካባቢ «ፋሚማ» በሚል ስም ተከፍቶ የነበረው በ2015 ተዘግቷል።

ኮሪያ ለእኛ ቅርብ ናት፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ናሪታ ወደሚባለው የቶኪዮ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው በሴኡል ኢንቾን በኩል ነውና። ፋሚሊማርት በኮሪያ በ1990 ገብቶ እጅግ ከተስፋፋ በኋላ፣ የአገሩ ድርጅት በ2012 ከጃፓኑ ስም ተላቆ ሱቆቹን «ሲ ዩ» ብሎ ሰየማቸው። በሴኡል ወርደው የሚቆዩ ከሆነ የሚፈልጉት ሐምራዊና ፈካ ያለ አረንጓዴ ምልክት ነው፤ ውስጡ ሲገቡ መደርደሪያው፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሩዝና በማሸጊያው ላይ ያሉት 1፣ 2፣ 3 ቁጥሮች እንደ ጃፓኑ ሆነው ያገኟቸዋል። የሚከፍሉት ግን በኮሪያ ዎን ወይም በካርድ ነው። ስለዚህ የየን ሳንቲም ከተረፈዎ ከናሪታ ሳይነሡ በጃፓን ይጨርሱት፤ የገንዘብ መንዛሪዎች ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት ወረቀቱን ብቻ ነው።